በዝርዝር የተያዙ ተራሮች
(በ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ባለፈው መስከረም ወር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከከተማችን ከፍታዎች ላይ ቆመው የሚታዩትን አምስት ተራሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን በመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ተራሮቹም እንጦጦ፣ የረር፣ ፉሪ፣ ወጨጫና ዝቋላ ናቸው። የትምህርቱ ዓመት ሳይፈጸም አምስቱንም እንወጣለን፤ አንዱን በወጣን ቁጥርም ከስሙ አጠገብ ምልክት እናደርጋለን ብለን ተስማማን። ይህንኑ ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚያ ተራራ ላይ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀጥለውም፣ «ከብት የጠፋበት ሰው ተራራ ይወጣል፤ እንጨት ለቃሚም ይወጣል፤ ሊሳለም የሚሄድም ይወጣል። ምልክት ለማድረግ ብሎ የሚወጣ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም» አሉኝ።

በዚያን ቀን የምመልስላቸው ቃል አጣሁ። ዳሩ ግን ጥያቄያቸው ከልቤ ስላልወጣ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ ይህ ጥያቄ በሩቅ አገር፣ በስኮትላንድ፣ ከ130 ዓመት በላይ ሲጠየቅ የቆየ ሆኖ አገኘሁት። በዚያ አገር ተራሮችን በዝርዝር መዝግቦ አንድ በአንድ መውጣት የብዙ ሺሕ ሰዎች ደስታ ሆኗል። በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የዚህን ልማድ ታሪክ ባጭሩ አቀርባለሁ። በመጨረሻም ለአጎቴ የሚሆን መልስ እሰጣለሁ፤ ስለ እኛ ዝርዝርም የማርመው አንድ ነገር አለኝ። በጽሑፌ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ስኮትላንድ በታላቋ ብሪታንያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ አገር ናት። ከተራሮችዋ ሁሉ የሚበልጠው ቤን ኔቪስ የሚባለው ሲሆን ቁመቱ 1,345 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያነበበ የአዲስ አበባ ልጅ ሳይስቅ አይቀርም፤ እኔም ስቄአለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ ስኮትላንድ ካሏት ተራሮች ሁሉ በላይ ቆሟል ማለት ነው።

ነገር ግን የተራራ ድካም የሚለካው ከባሕር ወለል ሳይሆን ከሚነሡበት ሥፍራ ነው። የቤን ኔቪስ ግርጌ ባሕር ዳር ላይ ነው ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ወጪው ቁመቱን ሁሉ ከሞላ ጎደል በገዛ እግሩ ይከፍላል። እኛ ከከተማ ተነሥተን እንጦጦ ራስ ላይ ስንደርስ ይህን ያህል ሽቅብ አንወጣም። ከዚህም በላይ አገሩ ለሰሜን ዋልታ የቀረበ በመሆኑ በክረምት ወራት በረዶ ይለብሳል፤ በታኅሣሥም ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ነፋሱ ሰው ይጥላል፤ ጉሙ መንገድ ያጠፋል። አጫጭር ተራሮች ናቸው ተብለው የተናቁት የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍተዋል።

በጥንት ዘመን ወደ እነዚህ ተራሮች የሚወጡት እረኞችና አዳኞች፣ ካርታ የሚሠሩ መሐንዲሶችና ዕፅዋት የሚመረምሩ ሊቃውንት ነበሩ። ለደስታ ብቻ የሚወጣው ሰው የበዛው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ይሰጣሉ። አንደኛው የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ጢስ በሞላበት ከተማ የሚኖረው ሕዝብ ዕረፍት ባገኘ ቀን ንጹሕ አየር ይናፍቅ ጀመር። ሁለተኛው የምድር ባቡር ነው፤ ከቤን ኔቪስ ግርጌ ወዳለችው ወደ ፎርት ዊሊያም ከተማ የሚወስደው ሐዲድ በ1894 ዓ.ም. ተከፈተ። ሦስተኛው የመንግሥት ካርታ ነው፤ የአገሩ የካርታ መሥሪያ ቤት ያወጣቸው ካርታዎች ተራራውንና ሸለቆውን ለማንም ገበያተኛ ገለጡለት።

ይሁን እንጂ አንድ መሰናክል ነበር። ብዙው ተራራ የባለጸጋዎች ርስት ሆኖ ለአጋዘን አደን የተከለለ ስለ ነበረ፣ ዘበኞች መንገደኛውን ያባርሩት ነበር። ጄምስ ብራይስ የተባሉ የፓርላማ አባል በ1884 ዓ.ም. ሕዝቡ በተራራ ላይ እንዳይከለከል የሚል የሕግ ረቂቅ ቢያቀርቡም ሳይጸድቅ ቀረ። ሰው ሁሉ ምድሩን ሳይጎዳ በስኮትላንድ ተራራና ሜዳ ላይ በእግሩ ለመሄድ የተሟላ መብት በሕግ የተጻፈለት በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የተራራ ዝርዝር ታሪክ የመንገድ መብት ታሪክም መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የዝርዝሩ አባት ሰር ሂው መንሮ ይባላሉ። በ1856 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ተወለዱ፤ ቤተ ሰባቸው ግን በስኮትላንድ ውስጥ ርስት ነበረው። በ1889 ዓ.ም. የስኮትላንድ የተራራ ወጪዎች ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በኋላም ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በዚያን ጊዜ ቁመታቸው ከ3,000 ጫማ፣ ማለት ከ914.4 ሜትር፣ የሚበልጡት ተራሮች ስንት እንደ ሆኑ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሰዎች የሚያውቁት በመንገደኞች መምሪያ መጻሕፍት የታተሙትን ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። አንድ አገር የራሱን ተራሮች ቁጥር አለማወቁ ማኅበሩን አሳፈረውና ሥራው ለሰር ሂው ተሰጠ።

እሳቸውም ካርታዎችን ሁሉ ሰብስበው መረመሩ። የአየርን ክብደት እየለካ ከፍታን የሚያመለክተውን ባሮሜትር ይዘው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄዱ። የሥራቸው ፍሬ በ1891 ዓ.ም. በማኅበሩ መጽሔት ላይ በታተመ ጊዜ አንባቢዎች እጅግ ተደነቁ። ከ3,000 ጫማ የሚበልጡት ጫፎች 538 ሲሆኑ፣ ከእነዚሁ ውስጥ 283ቱ ራሳቸውን የቻሉ ተራሮች ተብለው ተቆጥረው ነበር። የቀሩት የትላልቆቹ ትከሻዎች ወይም ጎረቤቶች ናቸው ተባሉ። ከዚያ ወዲህ በዋናው ዝርዝር ውስጥ የገባ ተራራ ሁሉ በእሳቸው ስም «መንሮ» ይባል ጀመር። የሰው ስም የተራራ ስም ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አንድ ጫፍ የሌላው ትከሻ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ተራራ ነው የሚባለው በምን ልክ ነው? ሰር ሂው ለዚህ የተወሰነ ልክ አላስቀመጡም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀትና የሸለቆውን ጥልቀት፣ የተራራውንም ጠባይ አይተው በራሳቸው ፍርድ ወሰኑ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር ያስነሣል።

ዝርዝሩ ሲታተም ደራሲው ያሰቡት ለዕውቀት እንዲጠቅም ነበር። ነገር ግን ዝርዝር የተባለ ነገር ሁሉ ያነበበውን ሰው ለመጨረስ ያነሣሣዋል። ሁሉንም ወጥተዋል ተብለው የመጀመሪያውን ስም ያገኙት ቄስ አርቺባልድ ሮበርትሰን የተባሉ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። በእግርና በብስክሌት እየተጓዙ በ1901 ዓ.ም. ግሌን ኮ በተባለው ሸለቆ አፋፍ ወዳለው ሜል ዴርግ ወደተባለው የመጨረሻ ተራራ ወጡ። ባለቤታቸውና አንድ ወዳጃቸው አብረዋቸው ነበሩ። ቄስ ሮበርትሰን አናቱ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የድንጋዩን ክምር፣ ቀጥለው ባለቤታቸውን ሳሙ ይባላል። ሴቶች እኅቶቻችን በዚህ ቅደም ተከተል እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

የዝርዝሩ ባለቤት ሰር ሂው ግን የራሳቸውን ዝርዝር አልፈጸሙም። ካልወጧቸው መካከል ሁለቱ ይጠቀሳሉ። አንደኛው በስካይ ደሴት ላይ ያለው «የማይደረስበት ሹል» የተባለው ዐለት ነው፤ ይህ እንደ ቢላዋ ስለት የቀጠነ በመሆኑ በገመድ ካልሆነ በቀር አይወጣም። ሁለተኛው በኬርንጎርም ተራሮች መካከል ያለው ካርን ክሎህ ቩሊን ነው። ይህኛው ቀላል ተራራ ስለ ነበረ ለመጨረሻው ቀን ደስታ ብለው አስቀምጠውት ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ሰር ሂው ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደው ወታደሮችን በመመገብ ሥራ ላይ ሳሉ ታመው በ1919 ዓ.ም. ታራስኮን በምትባል ከተማ ዐረፉ። የተሻሻለው ዝርዝራቸውም የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1921 ዓ.ም. ነው። ለደስታ ቀን ያስቀመጡት ተራራ ደግሞ በ1981 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ራሱን የቻለ ተራራ አይደለም ተብሎ ከዋናው ዝርዝር ወጣ። ሰው የሚያስቀምጠውን ነገር ጊዜ ሊወስድበት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከቄስ ሮበርትሰን በኋላ ለብዙ ዓመት ተከታይ አልተገኘም። ሁለተኛው በ1923 ዓ.ም. የፈጸሙት ቄስ በርን ናቸው፤ እሳቸውም ዋናዎቹን ተራሮች ብቻ ሳይሆን ትከሻዎቹንም ጭምር በመውጣት የመጀመሪያው ሆኑ። ከሴቶች ወገን የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ሂርስት ሲሆኑ፣ በ1947 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ፈጸሙ። በ1974 ዓ.ም. ሃሚሽ ብራውን የተባሉ ሰው ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ሁሉንም በአንድ ጉዞ በ112 ቀን ወጡ። በ1984 ዓ.ም. መጨረሻና በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ማርቲን ሞራን በአንድ ክረምት፣ በበረዶ ወራት፣ በ83 ቀን ጨረሱት። በ2023 ዓ.ም. ጄሚ አሮንስ የተባሉ ሴት ከተራራ ወደ ተራራ በገዛ ኃይላቸው ብቻ እየተጓዙ በ31 ቀንና በ10 ሰዓት ከግማሽ በማይሞላ ጊዜ ፈጽመው ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ወንዶች ሁሉ ቀደሙ። ሁሉንም ወጥተናል ብለው በማኅበሩ መዝገብ ላይ የተጻፉት ሰዎች ዛሬ ከ7,000 በላይ ናቸው።

እንግሊዞች ይህን ነገር የሚጠሩበት ቃል የተወሰደው ከአደን ነው። አዳኝ የገደለውን ከረጢቱ ውስጥ እንደሚከት፣ ተራራ ወጪውም የወጣውን ተራራ ከረጢቴ ውስጥ ከተትሁት ይላል። በእኛ አገር ቋንቋ ግዳይ ጣልሁ እንደ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ግልጥ ነው፤ የአዳኙ ግዳይ ይሞታል፤ ይህኛው ግዳይ ግን ለሚቀጥለው ሰው እንዳለ ቆሞ ይቀራል።

የስኮትላንድ ዝርዝር ሌሎች ዝርዝሮችን ወለደ። ሁሉንም መንሮዎች በ1930 ዓ.ም. የፈጸሙት ሚስተር ኮርቤት ቁመታቸው ከ2,500 እስከ 3,000 ጫማ የሆኑትን ተራሮች መዘገቡ። እሳቸው ከሰር ሂው በተለየ ቁርጥ ያለ ልክ ነበራቸው፤ ተራራው በዙሪያው ሁሉ ቢያንስ የ500 ጫማ ቁልቁለት ከሌለው አይገባም። ዛሬ በስማቸው የሚጠሩት 222 ናቸው። በእንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ አልፍሬድ ዌይንራይት የተባሉ የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ሹም ከ1955 እስከ 1966 ዓ.ም. ባሳተሟቸው ሰባት መጻሕፍት ውስጥ 214 ኮረብታዎችን በእጅ ጽሕፈታቸውና በእጅ ሥዕላቸው ገለጹ። በጃፓን ደግሞ ፉካዳ ኪዩያ የተባሉ ደራሲ በ1964 ዓ.ም. መቶ ተራሮችን መርጠው መጽሐፍ አወጡ። እሳቸው ቁመትን ብቻ አልተመለከቱም፤ የተራራውን ግርማ፣ ታሪኩንና ከሌሎች የተለየበትን ጠባይ መዘኑ። ስለዚህ 877 ሜትር ብቻ የሆነው የጹኩባ ተራራ ከትላልቆቹ ጋር ተቆጠረ።

በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ያለው የአዲሮንዳክ ተራሮች ታሪክ ግን ከሁሉ ይልቅ አሳሰበኝ። ሮበርትና ጆርጅ ማርሻል የተባሉ ወንድማማቾች ከመሪያቸው ከኸርበርት ክላርክ ጋር ሆነው ከ4,000 ጫማ ይበልጣሉ የተባሉትን 46 ተራሮች ከ1918 እስከ 1925 ዓ.ም. ወጥተው ፈጸሙ። ሲጀምሩ ከእኛ የሚበልጡ ልጆች አልነበሩም። ከጊዜ በኋላ ምድሩ እንደ ገና በደንብ ሲለካ ከ46ቱ መካከል አራቱ ከ4,000 ጫማ ያነሱ ሆነው ተገኙ። የተራራ ወጪዎቹ ማኅበር ግን አራቱን አላወጣም፤ አባቶች የወጡትን እንወጣለን ብሎ እንደ ጥንቱ አቆያቸው።

ስኮትላንዶች ደግሞ በተቃራኒው ይፈርዳሉ። በ2012 ዓ.ም. ቤን አ ክላይቭ የተባለው ተራራ በአዲስ መሣሪያ ቢለካ 913.96 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከሚፈለገው የጎደለው 44 ሳንቲ ሜትር፣ ከክንድ እምብዛም የማይለይ፣ ነበር። ስለዚህ ከዝርዝሩ ተሠረዘና የመንሮዎቹ ቁጥር 282 ሆነ። እንግዲህ ማን ልክ ነው? በክፍላችን ውስጥ በዚህ ላይ ተከራክረን ሳንስማማ ቀረን። ግማሾቹ ልማድ ይከበር አሉ፤ ግማሾቹ መለኪያ ይከበር አሉ። የእኔ አሳብ ግን ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው የሚል ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ያደረጉትን በግልጥ ተናግረው አደረጉ። አሜሪካኖቹ አራቱ አጫጭር ናቸው ብለው አምነው አቆዩአቸው፤ ስኮትላንዶቹም በይፋ ለክተው አወጡት። የሚያስነውረው አጭሩን ረጅም ነው ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። አንደኛ፣ ዝርዝር ያሠረው ሰው ተራራውን ሳያይ ቁጥሩን ብቻ ያያል ይላሉ። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ባሉት ተራሮች ላይ የብዙ ሰው እግር ስለሚበዛ መንገዱ እየሰፋ አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል፤ በአጠገባቸው ያለውና ጥቂት ጫማ የጎደለው ውብ ተራራ ግን ይረሳል። ሦስተኛ፣ ለመጨረስ መቸኮል በመጥፎ አየር እንዲወጡ ስለሚገፋፋ ሕይወትን ለአደጋ ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው።

ነገር ግን የዝርዝር ጥቅም ደግሞ አለ። ሰው ለራሱ ከተተወ የሚሄደው ወደሚያውቀውና ወደሚወደው ሥፍራ ነው። ዝርዝር ግን ወዳልመረጠው አቅጣጫ ይልከዋል። እኛ ዝርዝር ባንይዝ ኖሮ ሁልጊዜ እንጦጦን ብቻ እንወጣ ነበር፤ መንገዱ ቅርብ ነው፤ የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናትም ስላሉበት ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። የረርን ግን ከክፍላችን መስኮት ለዓመታት ስናየው ኖረን ወዴት በኩል እንደሚወጣ እንኳ አናውቅም ነበር። በወጣን ጊዜ ከእርሻው ውስጥ አንድ ገበሬ ተነሥተው መንገዱን አሳዩን፤ ቆሎም ሰጡን። ጫፉ ላይ ሆነን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት ከተራራው ማዶ እኛ በካርታ ብቻ የምናውቀው አገር ሰፊ ሆኖ ተዘርግቶ አየነው። በዚያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ መስኮት ላይ የተሳለ ሥዕል ይመስለኝ የነበረው ተራራ ሰው የሚያርስበት፣ ከብት የሚሰማራበት አገር መሆኑ ነው።

ስለ ዝቋላ ደግሞ አያቴን መጥቀስ አለብኝ። አያቴ በወጣትነታቸው በመጋቢት 5 ቀን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ዝቋላን ብዙ ጊዜ በእግራቸው ወጥተዋል። ምልክት የሚያደርጉበት ወረቀት አልነበራቸውም። እኛ ከዝቋላ በተመለስን ማግስት ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ድካሙ አልነበረም፤ «ሐይቁን አየኸው?» ብቻ ነበር ያሉት። አየሁት አልኋቸው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ተራራ ከምሳ እስከ ቡና ድረስ ተጫወትን። ከአያቴ ጋር ይህን ያህል ጊዜ ስለ አንድ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። አንድ ተራራ የወጡ ሁለት ሰዎች፣ የወጡበት ምክንያት ቢለያይም እንኳ፣ የሚነጋገሩበት ነገር አያጡም።

አሁን አርማለሁ ወዳልሁት ነገር ልምጣ። የመጽሔታችን አዘጋጆች የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አምስቱንም ተራሮች መውጣታቸውን በዓመቱ ዜና ዐምድ እንዲያትሙ ጽፈን ሰጥተናቸው ነበር። በግድግዳው ላይ ያለውም ወረቀት አምስት ምልክት ነበረበት። ነገር ግን ወጨጫን በተመለከተ እውነቱ ሌላ ነው። ወደ ወጨጫ የሄድነው በጥቅምት ወር ነው። በሱባ ደን በኩል በጽዱ መካከል ጥሩ አድርገን ወጣን። ከደኑ በላይ ስንደርስ ጉም ሸፈነን፤ ያልጠበቅነው ዝናም ከበረዶ ጋር ወረደብን፤ ከመካከላችን አንዱ ብርድ ይዞት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጫፉን አላየነውም። ተመለስን። መመለሳችን ትክክል ነበር፤ መምህራችንም አመስግነውናል። ሆኖም ሰኞ ጧት ክፍል ስንገባ፣ «ደርሰናል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ጥቂት ነው» ተባባልንና ምልክቱን አደረግን። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሳነብ ስለ ቄስ ሮበርትሰን ቀደም ብዬ ያልተናገርሁትን ነገር አገኘሁ። ቄሱ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የቀን ማስታወሻቸው ሲመረመር፣ ቤን ዊቪስ የተባለውን ተራራ ሊወጡ ሄደው ዝናም ስለ በረታባቸው ጫፉ ሳይደርሱ መመለሳቸውን ራሳቸው ጽፈው ተገኘ። ሌላ ጊዜ ተመልሰው ስለ መውጣታቸው የሚናገር ጽሑፍ አልተገኘም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈጻሚ እሳቸው ናቸው ወይስ ቄስ በርን ናቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ የማኅበሩ መዝገብ ግን እንደ ጥንቱ ስማቸውን በአንደኛ ደረጃ አቆይቶታል። ለእኔ ያስደነቀኝ ክርክሩ አይደለም። የሚያሳጣቸውን ነገር የጻፈው የራሳቸው እጅ መሆኑ ነው። ማንም ባላያቸው ተራራ ላይ፣ በዝናም ውስጥ፣ «ጫፉ አልደረስሁም» ብለው ጻፉ። እኛ ግን ብዙ ሆነን ወጥተን፣ ሁላችንም እያወቅን፣ ደርሰናል ብለን ጻፍን።

ይህንን ካነበብሁ በኋላ ነገሩን ለጓደኞቼ ነገርሁ። የተቆጡኝ ነበሩ። አንዱ፣ «በወረቀት ላይ ላለች ጭረት ስንት ወሬ ታወራለህ?» አለኝ። መልሴ እንዲህ ነው፤ የዚህ ጨዋታ ሀብቱ ጭረቷ ብቻ ናት። ዳኛ የለውም፤ ሽልማት የለውም፤ ተመልካች የለውም። ሰር ሂው መንሮ ሁለቱን ተራሮች ወጥቻለሁ ቢሉ ማን ያስተባብላቸው ነበር? የእሳቸው ስም በ282 ተራሮች ላይ የተጻፈው ያልወጡትን አልወጣሁም ያሉ ሰው በመሆናቸው ነው። ጭረቷ ውሸት ከሆነች ዝርዝሩ በሙሉ ተራ ወረቀት ይሆናል። ብዙ ከተከራከርን በኋላ በድምፅ ብልጫ ምልክቱ ተፋቀ። ለመጽሔቱ አዘጋጆችም «አራት ተራሮች» ተብሎ እንዲታረም ጽፈን ሰጠን። አሁን የመልቀቂያ ፈተና ስለ ደረሰብን እንደ ገና ለመሄድ ጊዜ የለንም። ከፈተናው በኋላም እያንዳንዳችን ወደየመንገዳችን እንበተናለን። ወጨጫን ሳንወጣ ትምህርት ቤቱን እንለቃለን።

ለአጎቴ ያዘጋጀሁት መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ እዚያ ተራራ ላይ የጠፋን ነገር የለም፤ ያገኘነው ግን አለ። የአገራችንን አቀማመጥ በእግራችን አወቅን፤ መንገድ ያሳዩንን ገበሬ አገኘን፤ ከአያቴ ጋር የምጫወትበት ወሬ አገኘሁ። ከሁሉም በላይ ማንም በማያይበት ሥፍራ የት እንደ ደረስን በእውነት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አወቅን። ይህን የመጨረሻውን በየረር ወይም በዝቋላ ጫፍ ላይ አልተማርነውም፤ የተማርነው ባልደረስንበት በወጨጫ ላይ ነው።

የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ወረቀቱን አላነሣነውም፤ በግድግዳው ላይ እንዳለ ትተንላችኋል። ከአራቱ ስሞች አጠገብ ምልክት አለ፤ ከወጨጫ አጠገብ የተፋቀ ሥፍራ ታያላችሁ። በጥቅምት ስትሄዱ የዝናም ልብስና ተጨማሪ ሹራብ ያዙ፤ ከደኑ በላይ ብርዱ ጽኑ ነው። ጉም ከወረደ ተመለሱ። ጫፉ ከደረሳችሁ በተፋቀው ሥፍራ ላይ ምልክታችሁን አድርጉ፤ ካልደረሳችሁ ግን ለሚቀጥሉት ባዶውን ተዉላቸው።